ሁለት ሰው የሚያውቀው ቃል

ሰፈሩ "ፈጣኗ" ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሳለች ነው። አለቃዋ ተናግሮ ሳይጨርስ ደብዳቤው አልቆ ፊርማ ይጠብቀው ነበር ይባላል። የጽሕፈት ክፍሉ ሲታጠፍ ጡረታዋን ይዛ ወጣችና ከመድኃኒት ቤቱ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ጧት ጧት ጎኑን ካልመቱት የማይነሳ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ለደንበኛ ደግሞ ሁለት ወንበር። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ቅጽ ትሞላለች፣ ማንበብ ለሚያስቸግረው ታነባለች። ዘንድሮ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የእጅ አንጓዋ ስለሚያማት በፋሻ ጠቅልላው ትውላለች፤ ደረጃ ስትወጣም መሃል ላይ ቆም ትላለች። ስሙ ግን አልለቀቃትም።

የኢሜይሉ ነገር የጀመረው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ አድራሻ ካላመጣችሁ አናስተናግድም ማለት በጀመሩ ጊዜ ነው። ሰዉ እንደ መታወቂያ ቆጥሮት "ኢሜይል አውጪልኝ" እያለ ወደ እሷ ጎረፈ። እሷም ትከፍትለታለች። የይለፍ ቃል ምረጥ ሲባል ግን ግራ ይገባውና "አንቺ የመሰለሽን አድርጊው" ብሎ ይተወዋል። ለዚህም መላ አበጀች። የሰውየውን ሙያ በላቲን ፊደል ትጽፍና ከኋላው የሱቋን ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ትቀጥልበታለች። ሹፌሩም ሹፌር ከነቁጥሩ፣ አዋላጇም አዋላጅ ከነቁጥሩ። ቃሉ ሲጠፋበት ሰው ተመልሶ የሚመጣው ወደ እሷ ስለሆነ፣ ፊቱን አይታ ብቻ ትነግረዋለች። በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ለሚያህል ሰው እንዲህ አድርጋ ከፈተች፤ ያውም ሁሉንም ከአንድ ኩባንያ ዘንድ፣ የለመደችው እሱን ስለሆነ።

የዚያ ኩባንያ ደብዳቤ የደረሳት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። "ውድ ደንበኛችን" ብሎ ይጀምራል። ያልታወቁ ሰዎች ከአንድ ዓመት በፊት ወደ ማከማቻችን ሰብረው ገብተው የደንበኞችን አድራሻና የይለፍ ቃል ወስደዋል፤ ለደህንነትዎ ሲባል ቃልዎን በአስቸኳይ ይቀይሩ ይላል። ፈጣኗ ግማሹን አነበበችው። በሩ ላይ ሰባት ሰው ተሰልፏል፣ ፎቶ ኮፒው ወረቀት ነክሶ ይጮሃል። በኋላ አየዋለሁ ብላ ዘጋችው። በኋላ ደከማት። በማግስቱም ደከማት። እንዲሁ እንዲሁ ሲል ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ደብዳቤውም ከማስታወቂያው ክምር ሥር ገብቶ ቀረ።

ልብስ ሰፊው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሱቁ ከእሷ አራት በር ወዲያ ሲሆን ከሚስቱ ጋር ነው የሚሠራው። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ ሚስቱ የቁልፍ ቀዳዳ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። ሰላምታው የማያልቅ፣ የሰው ጤና ጠይቆ የማይጠግብ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሰላም ሳይል ገባ። ቅጽ የምታስሞላው ሴትዮ እስክትወጣ ጥግ ይዞ ቆመ፤ እንደወጣች ስልኩን ከፍቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው።

መልእክት ነው። "የይለፍ ቃልህ ይህ ነው" ይልና ቃሉን ከነቁጥሩ ይጽፋል፤ እሷ ያወጣችው ቃል፣ ከኋላው የእሷ ስልክ ጭራ። ከዚያ ይቀጥላል፦ "ሳጥንህን ከፍተን ሁሉን አንብበናል። የደበቅሽውን እናውቃለን። በሁለት ቀን ውስጥ ያዘዝንህን ገንዘብ ካልላክህ ለሚቀርቡሽ ሁሉ እንልካለን።" አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ የሚል፣ የተሰባበረ ቋንቋ ነው። ፈጣኗ በልማዷ መጀመሪያ ያየችው ስህተቱን ነበር። ቁጥሩን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

"ይህን ቃል ከእኔና ከአንቺ በቀር ማን ያውቀዋል?" አላት ልብስ ሰፊው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኩባንያው መዘረፉን፣ ማስጠንቀቂያም መላኩን ነገረችው። መቼ እንደደረሳት ጠየቃት። ሦስት ሳምንት ይሆነዋል አለችው፤ ሌላ ምን ትበል። ፊቷን ትንሽ አየት አደረገና ስልኩን አንሥቶ ወጣ።

ሳምንቱ ሳያልቅ መልእክቱ ለሹፌሩ ደረሰው፣ ለአዋላጇ ደረሳት፣ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛም ደረሰው። ሁሉም ላይ አራቱ ቁጥሮች አሉ፣ ሁሉም ቁጥሮቹን ያውቃቸዋል። ሱቋ በር ላይ በትልቁ ተጽፈዋላ። ወሬው መድኃኒት ቤት ገብቶ ዳቦ ቤት ወጣ፦ ፈጣኗ የሰው ሚስጥር ሸጠች። ሰልፉ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። በጎዳናው በዚያኛው ጥግ የሚያልፉ ሰዎች በድንገት ስልካቸውን የሚያዩ ሆኑ። ጡረታ የወጡት አስተማሪ ብቻ ገቡ። እሳቸው ይህን ወሬ እንደማያምኑ፣ ሰውን በእንዲህ ያለ ነገር ማማት ነውር መሆኑን ቆመው አስረዷት። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ዘወር አሉና ለማንኛውም እሷ ዘንድ የቀረ የመታወቂያቸው ኮፒ ካለ እንድትመልስላቸው ጠየቁ።

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩን ለእህቷ ነገረቻት። ታላቅ እህቷ ጡረተኛ ነርስ ናት፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚኖሩት። ነርሷ ሹካዋን አስቀምጣ፣ በሽተኛ እንደምትመረምር ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ሰማቻት።

"ሰረቅሽ?"

"አልሰረቅኩም።"

"ታዲያ አንገትሽን የደፋሽው ምን ሆነሽ ነው?"

"ማስጠንቀቂያው ሲመጣ አይቼዋለሁ እኮ፣ እታለም። ደክሞኝ ነው የተውኩት።"

ነርሷ ሳህኖቹን አነባበረች፣ ፍርፋሪውን በመዳፏ ሰበሰበች። ከዚያ፣ "ዎርድ ውስጥ መድኃኒት ተሳስቶ ሲሰጥ ማን ሰጠው እየተባለ አይቆምም" አለች። "መጀመሪያ በየአልጋው ነው የሚኬደው። ጥፋተኛው በኋላ ይፈለጋል፤ አንዳንዴም ዙሩን የምትዞረው ራሷ ጥፋተኛዋ ናት።"

ይህን ብላ መልእክቱ ለእሷም እንደመጣ ነገረቻት። አንተ እያለ የደበቅኸውን አውቀናል ይላታል። ሰባ ዓመት ሞልቷት የደበቀችውን ራሷም ስለረሳችው፣ ካወቁት እስኪ ይንገሩኝ ብላ ትታዋለች። ፈጣኗ ከዚያ ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ስትስቅም ጎኗን አመማት።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሱቋን ዘጋችና ዙሩን ጀመረች። በየሄደችበት መጀመሪያ የምትለው አንድ ነው። የሰረቁት ሌቦች ናቸው፣ የተሰረቀው ኩባንያው ነው፤ ቃላችሁን ለማንም የሚገመት አድርጌ ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ፣ ማስጠንቀቂያውንም በጊዜው አልነገርኳችሁም። ይህን በር ላይ ቆማ ትናገራለች። ግቢ ካሏት ትገባለች፣ ካላሏት ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። አንድ አናጺ መጋዙን ሳያቆም ነው የሰማት። አንዲት የዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ በሩን ዘጋችባት።

ያስገቧትን ደግሞ ስልካቸውን እንዲያወጡ ታደርጋለች። አዲሱን ቃል ራሳቸው ይመርጣሉ። የማይገናኙ አራት ቃላት ተደርድረው ቢሆን ጥሩ ነው ትላቸዋለች፤ የልጅ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ ሙያ አይሁን፤ እዚህ ያገለገለ ቃልም ሌላ ቦታ አይግባ። ሊጽፉ ሲሉ ተነሥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከዚያ ሁለተኛውን መቆለፊያ ታሳያቸዋለች፤ እንግዳ ሰው ሊገባ ሲል ወደ ስልካቸው የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከውን። "ያንን ቁጥር ማንም ቢጠይቃችሁ አትስጡ" ትላቸዋለች። "እኔም ብሆን።"

ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጇን አንድ ሰዓት ጠበቀቻት። አዋላጇ እጇን እየታጠበች፣ የባንኳም የፌስቡኳም ፓስወርድ ያው አንዱ መሆኑን ነገረቻት፤ ሦስቱንም ቁጭ ብለው ቀየሩት፣ መሃል ላይ ምጥ መጥቶ ሁለቴ ተቋረጡ። አውቶቡስ ጋራዥ ሄዳ የሹፌሩን የኢሜይል ሳጥን ስትፈትሽ ያላሰበችው ነገር ገጠማት። አንድ ሰው ገብቶ፣ ለሹፌሩ የሚመጣለትን ደብዳቤ ሁሉ ቅጂውን ወደ ማይታወቅ አድራሻ የሚያሻግር ትእዛዝ አስቀምጦበታል። ቃሉን ቀይረው ይህን ባያዩት ኖሮ ደብዳቤው መፍሰሱን አያቆምም ነበር። ሹፌሩ ራሱን ይዞ፣ እኔ እኮ የመንገድ መዝጊያ ማስታወቂያ እንጂ ሌላ አይመጣልኝም፣ ምኔን ነው የሚያነቡት እያለ ተገረመ። ሰርዛለት ወጣች።

እንዲህ እያለች በአምስት ቀን አርባ አንድ ሰው ጋ ደረሰች። ለሌሎቹ ደወለች። ቁጥራቸው የተቀየረም፣ የሞቱም አሉ። ማታ ማታ እግሯን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክራ ስትቀመጥ ነርሷ ፎጣ ታቀብላታለች።

ልብስ ሰፊውን ለመጨረሻ አቆየችው። ስለፈራችው ነው። ቅዳሜ ጧት ስትሄድ ሚስቱ የተሠራ ዩኒፎርም ልታደርስ ወጥታለች፤ እሱ ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔ እያሰመረ ነው። ተቀመጪ አላላትም። የምትለውን ስትል ማስመሩን ቀጠለ። ስትጨርስ ጠመኔውን አስቀመጠ።

"ተቸግረሽ ከሆነ ለምን አልጠየቅሽኝም?" አላት። "እንዲህ ከምታደርጊ።"

"እኔ አይደለሁም።"

"ያንን ደብዳቤ ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ። ሌላ ማንም የለም።"

የቱን ደብዳቤ እንደሚል አልገባትም፤ ጠየቀችው። ልብስ ሰፊው ትክ ብሎ አያት። የምትቀልድበት መስሎት ነበር። ፊቷ ላይ ምንም ሲያጣ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዓይኑን ጨርቁ ላይ አድርጎ ነገራት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል። ሦስት መቶ አርባ ዩኒፎርም ተቀብለው ጊዜው አልበቃ ብሏቸዋል። መነጽሩ ተሰብሮ ስለነበር፣ ስልኩ ላይ የመጣለትን ደብዳቤ ይዞ ወደ ፈጣኗ ሄደና አነበበችለት። የሚስቱ ወንድም ነው የጻፈው። እናታችን ጠንቶባታል፣ ስሟን እየጠራች ነው፣ እህቴን ዛሬውኑ አሳፍርልኝ ይላል። አመስግኗት ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሚስቱ ቀዳዳ እየዘመዘመች ነበር፤ ገና ሁለት መቶ ይቀራታል። እሷ ከሄደች ሥራው እንደማያልቅ ያውቃል። ነገ እነግራታለሁ አለ። በነጋው ደግሞ ነገ አለ። የነገራት በሰባተኛው ቀን፣ የመጨረሻው ቁልፍ ከተተከለ በኋላ ነው።

"ደብዳቤው ዛሬ ደረሰኝ አልኳት" አለ። "ስትደርስ ቀብሩ አልፏል፣ በአንድ ቀን። እስከ ዛሬም የምታማርረው በወንድሟ ነው፤ አዘግይቶ ጻፈ ብላ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።"

ፈጣኗ አንብባው ይሆናል፤ አላስታወሰችውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጽሕፈት በዓይኗ ገብቶ በጣቷ ወይም በአፏ ሲወጣ ኖሯል፤ ሹመት፣ ስንብት፣ መርዶ፣ የውሃ ቆጣሪ ንባብ። ወደ ውስጥ ብታስገባው ኖሮ በሁለተኛው ዓመት ታብድ ነበር። ይህንን ለልብስ ሰፊው ልታስረዳው ሞከረች። እሱ ግን በሕይወቱ ሁሉ ከዚያች ደብዳቤ የሚከብድ ወረቀት ስለማያውቅ፣ ሰው እንዴት ሊረሳት እንደሚችል አልገባው አለ።

ማስረዳቱን ትታ ስልኳን አወጣችና በዚያው ሳምንት ለራሷም የደረሳትን መልእክት አሳየችው። ከዚያ የእህቷን። ከይለፍ ቃሉ በቀር ቃል በቃል አንድ ናቸው፤ አንተ ያለበትም አንቺ ያለበትም ቦታው አንድ ነው።

"ለሁሉም ነው የላኩት፣ ወንድሜ። እንኳን ደብዳቤህን ሊያነቡ፣ ወንድ ሁን ሴት አያውቁም።"

የእሱንም ሳጥን አስከፈተችውና ከየት ከየት እንደተገባበት የሚያሳየውን ዝርዝር አብረው አዩ። የእሱ ስልክ፣ የእሷ ሱቅ፣ ሌላ ማንም የለም። ልብስ ሰፊው ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ትከሻው ረገብ አለ፤ ከዚያ ግን ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ ከበፊቱ የባሰ ነበር።

"እነሱ አያውቁም ማለት ነው" አለ። "አሁን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ደብዳቤውን እንድታጠፋለት ለመናት። ፈልጋ አወጣችለት፤ ቀኑ ከላይ በጉልህ ተጽፏል። ማጥፊያው የትኛው እንደሆነ በጣቷ አሳየችውና ስልኩን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። አውራ ጣቱ ምልክቱ አጠገብ ደርሶ እዚያው ቆመ። ሳይነካው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ቃሉን ግን ቀየረ፣ እሷ በመስኮቱ የሚያልፈውን ሰው እያየች። ስትወጣ ደህና ዋይ አላላትም።

ወደ ሱቋ ተመልሶ እንደማይመጣ ያን ጊዜ አወቀች። ሲጠረጥራት እንኳ መጥቶ ፊት ለፊት ጠይቋት ነበር። ካወቀችበት በኋላ ግን ዓይኗን ማየት አይችልም። እሷም እንዲነግራት አልፈለገችም ነበር፤ ግን ማን ጠየቃት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰዉ አንድ ሁለት እያለ መመለስ ጀመረ። ይቅርታ ያላት የለም፤ ቅጹንና ወረቀቱን ይዞ እንደወትሮው ተሰለፈ እንጂ። እሷም ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። ሐሙስ ዕለት ግን የልብስ ሰፊው ሚስት መጣች። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው እስኪወጣ አልጠበቀችም፤ ገብታ ቁጭ አለች። ጣቶቿ ጫፍ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ፣ ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ክር።

"ኢሜይል እንድታወጪልኝ ነው።"

"የቤታችሁ አለ አይደል?"

"የእኔ። ለብቻዬ።"

ፈጣኗ ተነሥታ ሌላውን ደንበኛ ትንሽ ቆይቶ እንዲመለስ ለምና ሸኘችው፤ በሩንም ገርበብ አደረገችው። ከሌላ ኩባንያ ዘንድ ከፈተችላት። ሴትዮዋ የይለፍ ቃሏን ስትመርጥ አላመነታችም፤ ከቤቷ አስባበት የመጣች ትመስላለች። ሁለተኛውን መቆለፊያም አስገቡ።

"ነገረኝ" አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። "አንቺ ነሽ አሉ ያነበብሽለት።"

"እኔ ነኝ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ በበርሽ ሳልፍ ሰላም ትይኛለሽ።"

"አላስታውሰውም ነበር። ካላመንሽኝ አልፈርድብሽም።"

ሴትዮዋ ትመናት አትመናት አልታወቀም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ታይ ነበር። "እኔ ግን አስታውሰዋለሁ" አለች። "ሰባቱንም ቀን። ጣቴ ሲደማ ሻይ አፍልቶ እያመጣ፣ አይዞሽ ትንሽ ነው የቀረን ይለኝ ነበር።"

ፈጣኗ ውሃ ቀዳችላት። ምን ለማድረግ እንዳሰበች ጠየቀቻት። ምን ታደርጋለች፤ የዘንድሮው ዩኒፎርም ገና ግማሹ አላለቀም፣ የሰው ልጅ ልብስ ሳይደርስለት ትምህርት ቤት አይገባም። እሱ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ቀን አብረው ይሠራሉ፣ መቀስ አቀብለኝ፣ ክር አቀብይኝ ይባባላሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዩኒፎርሙ ሲያልቅ ታስብበታለች። ይህን ስትናገር ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ደክሟታል።

"አሁን ለወንድሜ ልጽፍለት ነው" አለች።

ፈጣኗ በልማዷ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብ አድርጋ እጇን ዘረጋች፤ እንግዲህ በይ፣ ልጻፍልሽ አለቻት።

"አይ። ራሴ ነኝ። ማንም አያየውም።"

ፈጣኗ እጇን መለሰች። ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላት፣ ፊደላቱ የት የት እንዳሉና ሲያልቅ የሚላክበትን ምልክት አሳየቻት፣ ከዚያ ወጥታ በሩን ዘጋችው። ሴትዮዋ በአንድ ጣት ነው የምትጽፈው። አንዴ ጠቅ ይላል፣ ረጅም ዝምታ፣ ደግሞ አንዴ ጠቅ።

ውጪ ስድስት ሰው ተሰልፏል። ፀሐዩ በርትቷል። ከሰልፉ አንዱ ማሽኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቃት።

"አልተበላሸም" አለች ፈጣኗ፣ የታሰረውን እጇን በሌላው እጇ ደግፋ ግድግዳውን እየተደገፈች። "ሰው እየጻፈ ነው። ትንሽ ይቆያል።"